ግራፊክስ ድራይቨር አፕዴት ካደረግኩ ወዲህ የላፕቶፔ ስክሪን ተዘበራርቋል

ወረቀት_በእጄ ፦ ሰኞ፣ ማታ 3፡10

ሰላም ለሁላችሁ። ሰላምታ ሳላበዛ ልግባ፣ ጨንቆኛል።

ዛሬ ከሰዓት የላፕቶፔን የግራፊክስ ድራይቨር (ዊንዶውስን ከግራፊክሱ ቺፕ ጋር የሚያግባባውን ሶፍትዌር) አፕዴት አደረግኩ። ችግር ኖሮበት አይደለም። "ድራይቨርዎ ጊዜው አልፎበታል" እያለ ቀን ከሌት የሚጨቀጭቀኝ አንድ የአፕዴት ፕሮግራም አለ፤ አፉን ይዝጋልኝ ብዬ እሺ አልኩት። ሪስታርት አድርጎ ሲመለስ፣ ገና ከይለፍ ቃሉ ገጽ ጀምሮ ስክሪኑ ዝብርቅርቅ ብሏል። አግድም የተሰነጣጠቁ መስመሮች፣ አረንጓዴና ሐምራዊ ነጠብጣብ፤ ጽሑፉ ደግሞ በመቀስ ተቆርጦ ግማሹ ወደ ቀኝ፣ ግማሹ ወደ ግራ የተንሸራተተ ይመስላል። ይለፍ ቃሌን በዳበሳ ነው ያስገባሁት።

ዊንዶውስ 11 ነው። ግራፊክሱ ሁለት ነው፣ አንዱ ከፕሮሰሰሩ ጋር የተዋሃደ፣ አንዱ ራሱን የቻለ። ስክሪኑ 1920 በ1080፣ 144 ኸርዝ።

ስክሪንሾት አንስቼ ላሳያችሁ ብዬ ወደ ስልኬ ላክሁት። ስከፍተው ንጹህ! አንድ መስመር እንኳ የለበትም። ስለዚህ ውሸታም እንዳትሉኝ ስክሪኑን በስልክ ካሜራ አንስቼ አያይዣለሁ።

የመመረቂያ ጽሑፌ እዚያው ውስጥ ነው፣ ማስረከቢያው የዛሬ ሳምንት። "ፎርማት አድርጊው" የሚለኝ ካለ ከወዲሁ ይተወኝ።


ፎርማት_ነው_መፍትሔው ፦ ሰኞ፣ ማታ 3፡14

ፎርማት አድርጊው።

(ምን ላድርግ፣ ስሜ ነው ያስገደደኝ።)


ኬብል_ፈቺ ፦ ሰኞ፣ ማታ 3፡31

እህቴ፣ ፎቶውን አየሁት። ይሄ የፍላት ኬብሉ ነው፣ ሌላ አትድከሚ። ከማዘርቦርዱ ወደ ስክሪኑ የሚሄደው ኬብል በማጠፊያው በኩል ያልፋል። ክዳኑን በከፈትሽና በዘጋሽ ቁጥር እሱም አብሮ ይታጠፋል፤ ውስጡ ያሉት ሽቦዎች ደግሞ ከፀጉር አይወፍሩም። እንዲህ ዓይነት መስመር አሳይቶኝ ኬብል ቀይሬ የዳነ ላፕቶፕ ብዙ ነው። ድራይቨሩ አንድ ቀን ላይ ስለገጠመ ብቻ ተጠያቂ ሆነ።


ዝግታ ፦ ሰኞ፣ ማታ 3፡58

ኬብል ሊሆን ይችላል፤ ግን ጠዋት ደህና የነበረ ስክሪን አፕዴት በተደረገ በአምስተኛው ደቂቃ ሲበላሽ መጀመሪያ የሚጠየቀው አፕዴቱ ነው። ማሽኑን ከመፍታታችን በፊት እንጠይቀው።

ወረቀት በእጄ፣ ሳታስቢው ትልቅ ነገር ነግረሽናል፤ ስክሪንሾቱ ንጹህ ነው ያልሽው። ስክሪንሾት ስክሪኑን አያይም። ግራፊክሱ ስሎ ሚሞሪ ላይ ያስቀመጠውን ምስል ብቻ ነው የሚገለብጠው። ከዚያ ወዲያ ምስሉ ዓይንሽ ጋ ለመድረስ ገና መንገድ ይቀረዋል። ከሚሞሪው መስመር በመስመር ተነቦ ይወጣል፣ በኬብሉ ይጓዛል፣ ከስክሪኑ ጀርባ ያለችው ትንሽ ሰሌዳ ተቀብላ ለእያንዳንዱ ነጥብ ታከፋፍለዋለች። ሥዕሉ ንጹህ ሆኖ ዓይንሽ የሚያየው ከተበላሸ፣ ብልሽቱ ከሥዕሉ በኋላ፣ መንገዱ ላይ ነው። ሥዕሉ ራሱ ተበላሽቶ ቢሆን ኖሮ ስልክሽም ላይ ያው ዝብርቅርቅ በታየ ነበር።

አሁን እነዚህን ሞክሪና ንገሪን።

ከሁሉ በፊት ላፕቶፑን በኤችዲኤምአይ ከቴሌቪዥን ወይም ከሌላ ሞኒተር ጋር አገናኚና ጽሑፍሽን ፍላሽ ላይ ገልብጪ። ይሄን ሳትጨርሺ ወደሚቀጥለው አትለፊ።

ከዚያ ዊንዶውስ፣ ኮንትሮል፣ ሺፍት እና ቢ አራቱን አንድ ላይ ተጫኚ። ይሄ የግራፊክስ ድራይቨሩን ብቻ አጥፍቶ ያስነሳል፣ የከፈትሽው ሰነድ አይዘጋም። ድምፅ ያሰማል፣ ስክሪኑ አንዴ ጨለም ይላል።

ቀጥሎ ሪስታርት አድርገሽ ዊንዶውስ ሳይነሳ ባዮስ ውስጥ፣ ማለትም የማሽኑ የራሱ ማስተካከያ ገጽ ውስጥ ግቢ። ሁለት ሦስት ደቂቃ ዝም ብለሽ ተመልከቺው። እግረ መንገድሽን ክዳኑን ቀስ እያልሽ ወደፊት ወደኋላ አድርጊ፤ መስመሮቹ ከክዳኑ ጋር አብረው የሚለዋወጡ ከሆነ ለኬብል ፈቺ ይቅርታ ጠይቄ እወጣለሁ።


ወረቀት_በእጄ ፦ ሰኞ፣ ማታ 5፡05

ጋሼ ዝግታ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጽሑፌ ሁለት ፍላሽ ላይ ተቀምጧል፣ አንዱን ትራሴ ሥር አድርጌዋለሁ።

ቴሌቪዥኑ ላይ ፍጹም ንጹህ ነው። ባዮስም ንጹህ ነው፤ አምስት ደቂቃ ሙሉ አፍጥጬ አየሁት። ክዳኑን ብወዘውዘው ምንም ለውጥ የለውም።

አራቱን ቁልፍ ስጫን ግን ጉድ ታየ። ጨለም አለ፣ ሲመለስ ሁለት ሦስት ሰከንድ ያህል ልክ እንደ ድሮው ሆነ፣ ከዚያ ተመልሶ ተበጣጠሰ። ደጋግሜ ሞከርኩት፣ ያው ነው።


ኬብል_ፈቺ ፦ ማክሰኞ፣ ጠዋት 1፡20

ባዮስ ንጹህ ሆነ ማለት ኬብሉ ነፃ ወጣ ማለት አይደለም፤ እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። በሂሳብ ላስረዳ። 1920 በ1080 ነጥብ፣ በነጥብ 24 ቢት፣ በሰከንድ 60 ጊዜ ሲላክ ወደ 3 ጊጋቢት ነው። በሰከንድ 144 ጊዜ ሲላክ ደግሞ ወደ 7.2 ጊጋቢት ይደርሳል። ለመናበቢያ የሚጨመረውን ሳንቆጥር ነው። ባዮስ ብዙውን ጊዜ ስክሪኑን በ60 ነው የሚነዳው። የደከመ ኬብል በዝግታ ሲሄዱበት ይችላል፣ ሲሮጡበት ይወድቃል። ቴሌቪዥኑ ደግሞ በሌላ ኬብል ስለሚሄድ ስለዚህኛው ምንም አይመሰክርም።


ዝግታ ፦ ማክሰኞ፣ ጠዋት 1፡45

ትክክል ብለሃል፣ ይሄን ማንሳት ነበረብኝ። የቴሌቪዥኑ ምስክርነት በሌላም በኩል ደካማ ነው። በብዙ ባለሁለት ግራፊክስ ላፕቶፖች የኤችዲኤምአይ ቀዳዳው የተያያዘው ራሱን ከቻለው ቺፕ ጋር ነው፣ የራሱ የላፕቶፑ ስክሪን ግን ከተዋሃደው ጋር። ስለዚህ ቴሌቪዥን ላይ ንጹህ ሲሆን የተፈተነው ሌላ ቺፕ፣ በሌላ ድራይቨር ሊሆን ይችላል።

እንግዲያው ክርክሩን የሚቆርጠው ቀላል ነገር ነው። ወረቀት በእጄ፣ ቴሌቪዥኑን እንዳገናኘሽ የላፕቶፑን ስክሪን ሪፍሬሽ ሬት (ምስሉ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚታደስ) ከ144 ወደ 60 አውርጂው። የዲስፕሌይ ሴቲንግ ውስጥ፣ አድቫንስድ ዲስፕሌይ የሚለው ሥር ታገኚዋለሽ። በ60 ከጸዳ ኬብል ፈቺ እውነቱን ነው። በ60ም ያው ከሆነ፣ ባዮስ ውስጥ በዚያው ፍጥነት ንጹህ የነበረ ኬብል ዊንዶውስ ውስጥ የሚታመምበት ምክንያት የለም።

ሁለተኛ ሴፍ ሞድ ግቢ። ሺፍትን ተጭነሽ ይዘሽ ሪስታርት የሚለውን ጠቅ አድርጊ፤ ከዚያ ትራብልሹት፣ አድቫንስድ ኦፕሽንስ፣ ስታርትአፕ ሴቲንግስ፣ ሪስታርት፣ በመጨረሻ 4 ቁጥር። እዚያ ዊንዶውስ የአምራቹን ድራይቨር ትቶ በራሱ መሠረታዊ ድራይቨር ነው የሚሠራው።

ግን ቆይ! ዲስክሽ በቢትሎከር፣ በዊንዶውስ የዲስክ መቆለፊያ፣ የተቆለፈ ከሆነ መንገድ ላይ 48 አሃዝ ያለው የመክፈቻ ቁጥር ሊጠይቅሽ ይችላል። አዳዲስ ላፕቶፖች ብዙዎቹ ባለቤቱ ሳያውቅ ተቆልፈው ነው የሚመጡት። ቁጥሩን ከአካውንትሽ ፈልገሽ ወረቀት ላይ ጻፊው፣ ከዚያ ግቢ።

ጋሼውን ደግሞ ተይው፣ አንተ በይኝ።


ሌሊት_ተጫዋች ፦ ማክሰኞ፣ ጠዋት 2፡30

ወገን፣ እኔም ላይ ይሄው ነው የደረሰው! ድራይቨር አፕዴት አድርጌ ጌም ስከፍት ስክሪኑ በባለቀለም ካሬዎች ይሞላል፣ ይጠቁራል፣ ይመለሳል። የኔም ያው ድራይቨሩ ነው ማለት ነው? ለሷ የነገራችኋትን ልከተል?


ዝግታ ፦ ማክሰኞ፣ ጠዋት 2፡52

ሌሊት ተጫዋች፣ አትከተል። ሁለት ሰው ሆዱን ታመመ ማለት ሕመማቸው አንድ ነው ማለት አይደለም። ሦስት ነገር መልስልኝ። ካሬዎቹ ስክሪንሾት ላይ ይታያሉ? ባዮስ ውስጥስ? ኢቨንት ቪውወር (ዊንዶውስ የሆነውን ሁሉ የሚመዘግብበት) ውስጥ ሲስተም የሚለውን ክፈትና ቁጥሩ 4101 የሆነ መልእክት ፈልግ። ግራፊክሱ ለታዘዘው ነገር በ2 ሰከንድ ውስጥ መልስ ካልሰጠ ዊንዶውስ ድራይቨሩን አጥፍቶ ያስነሳዋል፤ ይሄ ቁጥር የዚያ ማስታወሻ ነው። ስንት ጊዜ እንደተመዘገበ ንገረኝ።


ወረቀት_በእጄ ፦ ማክሰኞ፣ ቀን 7፡15

ተመልሻለሁ። ቢትሎከር በእርግጥም ጠየቀኝ፤ ቁጥሩን ቀድሜ ባልጽፈው ኖሮ ዛሬ ከድጡ ወደ ማጡ ነበር።

ወደ 60 ኸርዝ አወረድኩት፣ ምንም ለውጥ የለም፤ እንዲያውም ትንሽ የባሰ መሰለኝ። ሴፍ ሞድ ውስጥ ግን ፊደሉ ትልልቅ ሆነ እንጂ ንጹህ ነው።

ዲቫይስ ማኔጀር ገብቼ የድሮውን ድራይቨር ልመልስ ብዬ ነበር፤ ሮል ባክ ድራይቨር የሚለው ቁልፍ ደብዝዟል፣ አይነካም። ያ ጨቅጫቃ ፕሮግራም "አላስፈላጊ ፋይሎችን አጽድቻለሁ" ብሎኝ ነበር፣ የድሮውን አብሮ ሳይጠርገው አልቀረም።

አንድ ሌላ ነገር ደግሞ አለ፣ የሚረባ ይሁን አላውቅም። ማውዙን ሳንቀሳቅስ ስክሪኑ ይሻለዋል። እጄን ሳነሳና ዝም ብዬ ሳነብ ነው የሚበጣጠሰው። ቪዲዮ ስከፍት ደግሞ፣ ቪዲዮው እየሄደ እያለ ጭራሽ ደህና ነው። የሚጠላው ማንበብን ነው መሰለኝ።


ዝግታ ፦ ማክሰኞ፣ ቀን 7፡24

አንቺ ልጅ! ይሄን ነገር ሰኞ ማታ ብትነግሪኝ ኖሮ ሁላችንም በጊዜ እንተኛ ነበር።

ሲንቀሳቀስ ደህና፣ ዝም ሲል ብልሽት። ይሄ ፓነል ሰልፍ ሪፍሬሽ የሚባለው ነው የሚሸተኝ። ላስረዳሽ። ስክሪን ላይ የሚታየው ነገር ባይለወጥም ግራፊክሱ ያንኑ ምስል በሰከንድ 60 ወይም 144 ጊዜ ደጋግሞ ይልካል። አንድ ገጽ ከፍተሽ አሥር ደቂቃ ስታነቢ ያ ሁሉ መላክ ከንቱ የባትሪ ብክነት ነው። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው የላፕቶፕ ስክሪን ማገናኛ ደንብ አንድ ብልሃት ጨመረ። ከስክሪኑ ጀርባ ያለችው ሰሌዳ የራሷ ትንሽ ሚሞሪ ትያዝ፤ ምስሉ ካልተለወጠ የመጨረሻውን ቅጂ ይዛ ራሷ ታሳይ፤ ግራፊክሱና መስመሩ እንቅልፍ ይተኙ። ማውዙ ሲነቃነቅ ወይም ፊደል ሲጻፍ መስመሩ ይነቃል፣ አዲስ ምስል ይላካል።

ሁለቱ ወገኖች ካልተግባቡ ግን፣ ማለትም ድራይቨሩ "ያዢው" የሚልበት ጊዜና ሰሌዳዋ የምትቀበልበት ጊዜ ከተላለፈ፣ ሰሌዳዋ የምትይዘው ግማሽ የአሁን ግማሽ የቅድሙን ነው። ከዚያ እሱኑ እየደጋገመች ታሳይሻለች። በመቀስ የተቆረጠ ይመስላል ያልሽው ፊደል ይሄው ነው።

አሁን የነገርሽንን ሁሉ መልሰሽ እይው። ስክሪንሾቱ ንጹህ የሆነው የሚገለብጠው የግራፊክሱን ቅጂ እንጂ የሰሌዳዋን ስላልሆነ ነው። ባዮስና ሴፍ ሞድ ይሄን ብልሃት አይጠቀሙም። ቴሌቪዥንም የለውም፣ የላፕቶፕ ስክሪን ብቻ ነው። አራቱን ቁልፍ ስትጫኚ ለጥቂት ሰከንድ የሚጸዳው፣ እንደገና የተነሳው ድራይቨር መጀመሪያ በቀጥታ ስለሚልክ ነው፤ ምስሉ ረጋ ሲል ወደ እንቅልፉ ይመለሳል። 60 ኸርዝም ለውጥ ያላመጣው ፍጥነቱ ስላልነበረ ነው።


ፔንግዊን_ወዳጅ ፦ ማክሰኞ፣ ቀን 8፡10

በዊንዶውስ ፈንታ ሊኑክስ የምትጠቀሙም ይሄ ነገር አይለቃችሁም። እኔ ከርነሉን (ድራይቨሮቹን የያዘውን የሲስተሙን እምብርት) አሳድጌ ዴስክቶፑ ልክ እንደዚሁ ተበጣጥሶብኝ ነበር። መጀመሪያ ኮንትሮል፣ አልት፣ ኤፍ 3 ተጭኜ ወደ ባዶው ተርሚናል ወጣሁና ሥራዬን ገለበጥኩ። ከዚያ ግሩብ ላይ፣ ማሽኑ ሲነሳ የሚመጣው ምርጫ ላይ፣ አድቫንስድ ኦፕሽንስ ገብቼ በድሮው ከርነል አስነሳሁት፤ ንጹህ። መጨረሻ ላይ በከርነሉ መስመር ላይ ይሄኑ ሰልፍ ሪፍሬሽ የሚያጠፋ አንድ ቃል ጨምሬ አዲሱንም ተጠቀምኩበት።

ኖሞድሴት የሚለውን ጨምሩ የሚሏችሁ ይኖራሉ። ለምርመራ ጥሩ ነው፣ ስክሪን አስነስቶ ያስገባችኋል። ግን የግራፊክስ ድራይቨሩን ሥራ ስለሚያስቆም ቪዲዮው ሁሉ በፕሮሰሰሩ ላይ ይወድቃል፣ ማራገቢያው ይጮኻል። እሱን እንደ መፍትሔ ይዞ ዓመት የከረመ ሰው አውቃለሁ።


ወረቀት_በእጄ ፦ ማክሰኞ፣ ቀን 8፡40

ገባኝ፣ ግን ማጥፊያው የት ነው? ድራይቨሩ ሲጫን የግራፊክሱ መቆጣጠሪያ ፕሮግራም አብሮ አልመጣም። ደግሞ እውነቱን ልናገር፣ አሁን ምርምር ሳይሆን መጻፊያ ነው የምፈልገው። የድሮው ተመልሶልኝ እፎይ ልበል።


ዝግታ ፦ ማክሰኞ፣ ቀን 9፡02

ምክንያታዊ ነው። እንግዲያው አዲሱን አውጥተን የድሮውን እንመልስ።

የድሮውን ከላፕቶፑ አምራች ገጽ ላይ፣ የላፕቶፕሽን ሞዴል ቁጥር አስገብተሽ አውርጂ፤ ከቺፑ አምራች ገጽ አይደለም። የቺፑ አምራች ለሁሉም የሚሆን አንድ ጥቅል ያወጣል፣ የላፕቶፑ አምራች ግን ለዚያ ስክሪንና ለዚያ ማዘርቦርድ ያስተካከለውን ነው የሚያስቀምጠው። አንዳንዴ ስድስት ወር ያረጀ ይሆናል፤ ያርጅ።

ፋይሉ ዲስክሽ ላይ መኖሩን ካረጋገጥሽ በኋላ ዋይፋዩን አጥፊ። ይሄን አትዝለይው። ድራይቨር ስታወጪ ኢንተርኔት ክፍት ከሆነ ዊንዶውስ ባዶ ቦታ አይቶ ያንኑ አዲሱን መልሶ ይጭነዋል፣ አንቺም ምንም እንዳልተለወጠ ይመስልሻል።

ከዚያ ሴፍ ሞድ ግቢ፣ ዲቫይስ ማኔጀር፣ ዲስፕሌይ አዳፕተርስ። ሁለት ስም ታያለሽ፤ የምንፈልገው የተዋሃደውን ነው። አንኢንስቶል ስትይው ድራይቨሩንም አብሮ ለማስወገድ የሚጠይቅ ሳጥን አለ፣ ምልክት አድርጊበት። ዲዲዩ የሚባለው የማጽጃ ፕሮግራም የበለጠ ጠርጎ ያወጣል፤ ግን በዚህኛው ካልሆነ ብቻ ወደ እሱ እንሄዳለን። ሲነሳ ስክሪኑ ሻካራ ሊሆን፣ ብርሃን መቀነሻውም ላይሠራ ይችላል፤ ያኔ በመሠረታዊው ድራይቨር ላይ ስለሆንሽ ነው፣ አትደንግጪ። ያወረድሽውን ጫኚ፣ ሪስታርት አድርጊ፣ ዋይፋዩን ክፈቺ።


ወረቀት_በእጄ ፦ ማክሰኞ፣ ማታ 1፡30

ሠራ!!! እንደ መስታወት። ምንም ሳልነካው አሥር ደቂቃ አፍጥጬ አየሁት፣ ቅንጣት አልተንቀሳቀሰም። ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ልጽፍ ሄድኩ።


ወረቀት_በእጄ ፦ ሐሙስ፣ ጠዋት 12፡50

ተመልሶ መጣ። ያው መስመር፣ ያው አረንጓዴ። ማታ ደህና ዘግቼ ተኛሁ፣ ጠዋት ስከፍተው ተበጣጥሷል። ላለቅስ ምንም አልቀረኝም።


ኬብል_ፈቺ ፦ ሐሙስ፣ ጠዋት 1፡15

ደስ ብሎኝ አይደለም የምለው፣ ግን እየመጣ የሚሄድ ነገር...


ዝግታ ፦ ሐሙስ፣ ጠዋት 1፡22

ኬብል ፈቺ፣ አንድ ደቂቃ ታገሠኝ። ወረቀት በእጄ፣ ዊንዶውስ አፕዴት ውስጥ አፕዴት ሂስትሪ የሚለውን ክፈቺና ድራይቨር አፕዴትስ የሚለውን ክፍል እዪ። የትናንት ቀን ያለበት ነገር አለ?


ወረቀት_በእጄ ፦ ሐሙስ፣ ጠዋት 1፡30

አለ። ሌሊቱን ተጭኗል። የቁጥሩ መጀመሪያ ሰኞ ከጫንኩት ጋር አንድ ነው።


ዝግታ ፦ ሐሙስ፣ ጠዋት 1፡41

ስህተቱ የኔ ነው፤ በሩን ሳልዘጋ ነው ያስገባሁሽ። ግን አታልቅሺ፣ ክፉው ድራይቨር አሁን እጃችን ላይ ስላለ ማክሰኞ ያለፍነውን ሙከራ ማድረግ እንችላለን። እስካሁን ሰልፍ ሪፍሬሽ ነው ያልኩት ግምት ነው። የድሮው ድራይቨር መሥራቱ ድራይቨሩ እንደሆነ አሳየ እንጂ የድራይቨሩ የትኛው ክፍል እንደሆነ አላሳየም።

የቺፑን አምራች መቆጣጠሪያ ፕሮግራም ከማይክሮሶፍት ስቶር ጫኚ። ፓወር የሚል ክፍል አለው፣ እሱ ውስጥ በባትሪ እና በቻርጀር የሚሉ ሁለት ገጾች አሉ። ፓነል ሰልፍ ሪፍሬሽን በሁለቱም ላይ አጥፊው። ሌላ ምንም አትንኪ። አንድ ነገር ብቻ ለውጠሽ እዪ፤ ሁለት ከለወጥሽ የዳነው በየትኛው እንደሆነ አናውቅም።


ወረቀት_በእጄ ፦ ሐሙስ፣ ጠዋት 2፡20

አጠፋሁት፣ እዚያው በዓይኔ እያየሁ ጸዳ። ሪስታርት እንኳ አላስፈለገውም። መልሼ ከፈትኩት፣ እጄን ከማውዙ ሳነሳ ተበጣጠሰ። አጠፋሁ፣ ጸዳ። ሦስት ጊዜ ደገምኩት፣ ሦስቱንም ጊዜ ታዘዘኝ። ከሰኞ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ይሄ ማሽን የኔ እንደሆነ ተሰማኝ።


ኬብል_ፈቺ ፦ ሐሙስ፣ ጠዋት 2፡35

ተሸነፍኩ። እኔ ብሆን ኬብሉን ቀይሬ፣ ለመቀየርም ማሽኑን ስከፍት ባትሪውን ነቅዬ፣ በማግስቱም ያው ሆኖ ስክሪኑን ራሱ እቀይር ነበር። ከእንግዲህ ለሚመጣልኝ ሁሉ "ማውዙን ሲያንቀሳቅሱት ይሻለዋል?" ብዬ ልጠይቅ ነው።

አንድ ጥያቄ ግን አለኝ ዝግታ። ይሄን ማጥፋት ባትሪውን ምን ያህል ይጎዳዋል?


ዝግታ ፦ ሐሙስ፣ ጠዋት 2፡50

ባትሪውን አይጎዳም፣ ቶሎ ያስጨርሰዋል እንጂ። ያውም ልዩነቱ የሚታየው ዝም ብሎ በሚያነብ ሰው ላይ ነው፤ ቪዲዮ የሚያይ ሰው ድሮም ከዚህ ብልሃት የሚያገኘው ጥቅም ብዙ አይደለም።

አሁን በሩን እንዝጋ። ወረቀት በእጄ፣ ማስረከቢያሽ እስኪያልፍ ዊንዶውስ አፕዴትን ለጥቂት ሳምንት ፖዝ አድርጊው፤ እስከ 5 ሳምንት ይፈቅዳል። ፕሮ የሚባለው ዊንዶውስ ካለሽ ግሩፕ ፖሊሲ ውስጥ ድራይቨሮችን ከአፕዴት ጋር አታምጣ የሚል ትእዛዝ አለ፣ እሱ ቋሚ ነው። ሆም ከሆነ ግን ፖዙ ይበቃሻል፤ ሰልፍ ሪፍሬሹ እስከጠፋ ድረስ አዲሱ ድራይቨርም ቢመጣ አያስጨንቅም። ብቻ ድራይቨር በተጫነ ቁጥር ያ ማጥፊያ ወደነበረበት ሊመለስ ስለሚችል ሄደሽ እዪው።


ሌሊት_ተጫዋች ፦ ሐሙስ፣ ማታ 2፡05

እኔን ረሳችሁኝ እንዴ? ያላችሁትን አየሁ። ካሬዎቹ ስክሪንሾት ላይም ይታያሉ። ባዮስ ውስጥም አሉ፣ ያነሱ ናቸው እንጂ። 4101 ደግሞ በአንድ ሳምንት ውስጥ 37 ጊዜ። ድራይቨሩንም ወደ ድሮው መልሼዋለሁ፣ ለውጥ የለም። አንድ ጓደኛዬ ቺፑን በሙቅ አየር ብታሞቀው ይድናል ብሎኛል፣ ላድርገው?


ኬብል_ፈቺ ፦ ሐሙስ፣ ማታ 2፡11

እንዳታደርገው! ያሞቀ ሁሉ "ዳነ" ይላል፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመልሶ ይመጣል፤ በዚያ መሀል በዙሪያው ያሉትን ትንንሽ ክፍሎች አቅልጧቸዋል። ከዚያ ወዲያ እውነተኛ ጠጋኝም አይነካልህም።


ዝግታ ፦ ሐሙስ፣ ማታ 2፡30

ሌሊት ተጫዋች፣ ያንተ የእሷ ተቃራኒ ነው። ሥዕሉ ራሱ ሚሞሪው ላይ ተበላሽቷል፣ ስክሪንሾቱ የመሰከረው ይሄንን ነው። ባዮስ ውስጥ የዊንዶውስ ድራይቨር ገና አልተነሳም፤ እዚያ ካሬ ካየህ ድራይቨር መቀያየር ድካም ነው።

አንድ ነገር ግን ይገርመኛል። ባለሁለት ግራፊክስ ላፕቶፕ ባዮሱን አብዛኛውን ጊዜ የሚስለው የተዋሃደው ነው። አንተ ለጌም ብለህ ባዮስ ውስጥ "ራሱን የቻለው ብቻ ይሥራ" የሚለውን መርጠህ ነበር? ከሆነ ወደ ሃይብሪድ (ሁለቱም ወደሚሠሩበት) መልሰውና እይ። ካሬዎቹ ከባዮሱ ከጠፉ የታመመው ራሱን የቻለው ቺፕ ወይም የራሱ ሚሞሪ ነው። ካልጠፉ ደግሞ፣ የተዋሃደው የሚጠቀመው የላፕቶፑን ዋና ራም ስለሆነ፣ ሌሊቱን የሚሞሪ መመርመሪያ ክፈትበትና ተኛ።


ሌሊት_ተጫዋች ፦ ሐሙስ፣ ማታ 3፡18

እንዴት አወቅህ? አዎ፣ ለብቻው አድርጌው ነበር። ወደ ሃይብሪድ መለስኩት፣ ባዮሱ ጸዳ። ዊንዶውስም ጸዳ። ጌም ስከፍት ግን ካሬዎቹ ይመጣሉ።


ዝግታ ፦ ሐሙስ፣ ማታ 3፡26

እንግዲያው ያው ቺፑ ነው፣ አዝናለሁ። ዋስትናው ካላለፈ ዛሬውኑ መልሰው፤ ሳትከፍተው፣ ሳታሞቀው። ስክሪንሾቱንና የባዮሱን ፎቶ ያዝ፣ "ድራይቨር ነው፣ ፎርማት አድርገው" ብለው እንዳይመልሱህ። ዋስትናው ካለፈ ደግሞ ዲቫይስ ማኔጀር ውስጥ ያንን ቺፕ ዲስኤብል አድርገውና በተዋሃደው ሥራህን ሥራ። ከባድ ጌም የለም፣ ሌላው ሁሉ አለ።


ሌሊት_ተጫዋች ፦ ሐሙስ፣ ማታ 3፡29

ዋስትናው ሁለት ወር ይቀረዋል!! እጄን ከላዩ አንስቻለሁ።


ወረቀት_በእጄ ፦ ማክሰኞ፣ ቀን 10፡00

ለሚመጣ ሰው እንዲጠቅም የደረስኩበትን ልጻፍ። የላፕቶፑን አምራች ድራይቨር መልሼ ጭኜ አፕዴቱን ፖዝ አድርጌዋለሁ። ያንን ጨቅጫቃ ፕሮግራም ከነሥሩ ነቅዬ ጥዬዋለሁ። ሰልፍ ሪፍሬሹ በድሮው ድራይቨር ላይ ተከፍቶም ችግር የለበትም፣ አምስት ቀን ሆነው። ስክሪኑ ደህና ነው፣ ኬብሉም አልተነካም።

ጽሑፌን ትናንት አስረከብኩ። አማካሪዬ ዛሬ ጠዋት መልሶልኛል። ይዘቱ ጥሩ ነው፣ ፎርማቱን አስተካክለሽ አምጪ ይላል።


ፎርማት_ነው_መፍትሔው ፦ ማክሰኞ፣ ቀን 10፡02

ከመጀመሪያው ምን ብዬ ነበር?